ድመቴ፣ እኔና የሰኔ 30 ሂሳብ

"ሥራህ ምንድነው?" ተብዬ ስጠየቅ "አይቲ ነኝ" እላለሁ። ጠያቂዬ ወዲያው ሞባይሉን ከኪሱ ያወጣና "እስቲ ይቺን እያት፤ ሰሞኑን ባትሪ አልይዝ ብላኛለች" ይለኛል። ሠርግ ቤት ገጥሞኛል፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ገጥሞኛል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ "ቤትህ ከማን ጋር ትኖራለህ?" የሚል ነው። "ከድመት ጋር" ስል ሳቅ ይከተላል። "ምን ታደርግልሃለች? አይጥ አለብህ እንዴ?"

ውድ አንባብያን፣ ሁለቱም ጥያቄዎች ከአንድ ቦታ የሚመነጩ ይመስለኛል። አይቲም ድመትም ጥቅማቸው የሚታወቀው አንድ ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው ብለን እናስባለን። እኔ ከሁለቱም ጋር ዓመታት ስላሳለፍኩ፣ ሥራዬ በእርግጥ ምን እንደሆነ፣ ድመት ማሳደግም ምን እንደሚጠይቅ፣ ሁለቱ አንድ ሌሊት ተገናኝተው ምን እንዳደረጉኝ ላወጋችሁ ነው።

የማይታየው ሥራ

የምሠራው ከውጭ ዕቃ እያስመጣ በጅምላ በሚያከፋፍል አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ሲሆን በክልል ከተሞች ቅርንጫፎች አሉት። የክፍላችን ሥራ ኮምፒዩተር መጠገን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እሱም አለ፤ ዋናው ግን ሌላ ነው። ግዥ፣ ሽያጭ፣ መጋዘንና ሂሳብ በየራሳቸው መዝገብ ሳይሆን በአንድ ዳታቤዝ ላይ ይሠራሉ። አዳማ ያለው የመጋዘን ሠራተኛ አሥር ካርቶን ወጪ አድርጎ ሲመዘግብ፣ አዲስ አበባ ያለችው የሂሳብ ሠራተኛ ዘንድ የዕቃው ቀሪ ይቀንሳል፣ የደንበኛው ዕዳ ይጨምራል፣ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስም በቦታው ይቀመጣል። ይህ ሰንሰለት ሳይበጠስ ውሎ እንዲያድር ማድረግ ነው የእኛ ሥራ። በደህናው ቀን ማንም አያስታውሰንም። ሲቆም ግን ከጥበቃ እስከ ሥራ አስኪያጅ ድረስ ሁሉም በራችን ላይ ይሰለፋል።

ከቡሬ ጋር ያስተዋወቀኝም እንዲህ ያለ የመቆም ቀን ነው። አንድ ወር መጨረሻ ላይ የሽያጭ ክፍሉ ኔትወርክ ድንገት ጠፋ። ስዊቹን ቀየርን፣ ሰርቨሩን አጥፍተን አበራን፣ ደንበኞች ወረፋ ይዘው ሁለት ሰዓት ፈጀን። በመጨረሻ ወንበር ላይ ቆሜ ኮርኒሱን ስከፍት ኬብሉ በሁለት ቦታ ተቀርጥፏል። አይጥ ፕላስቲክ ርቧት አይደለም የምትቀረጥፈው። የፊት ጥርሶቿ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድጉ ካልሞረደቻቸው አፏን ይዘጉባታል። ለእሷ የኔትወርክ ኬብልም ሞረድ ነው።

የግቢው ጥበቃ ጋሼ ይህን ሁሉ ትርምስ ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ "ልጄ፣ በዚህ ሁሉ ማሽን ከምትደክም አንዲት ድመት ብታመጣ ምን አለበት?" አሉኝ። ጥበቃ ቤቱ ጀርባ የተወለዱ አራት ግልገሎች ነበሩ። አስተዳደሩ "ቢሮ ውስጥ እንስሳ አይገባም" ብሎ ከለከለ። ኬብሎቹን በብረት ቱቦ ውስጥ አስገባንና ነገሩ አበቃ። ከግልገሎቹ አንዷ፣ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለባት፣ በወረቀት ካርቶን ሆና ከእኔ ጋር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገባች። ስሟንም ቡሬ አልናት።

ላፕቶፕ ላይ ለምን ትተኛለች?

ድመት ከሰው ጋር የተወዳጀችው ለፍቅር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ በሆነ ጥናት ቆጵሮስ ደሴት ላይ 9,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሰው መቃብር፣ ከጎኑም የድመት አፅም ተገኝቷል። በ2007 የወጣው የዘረመል ጥናት ደግሞ የዛሬዎቹ የቤት ድመቶች ምንጫቸው የመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት እንደሆነች አሳየ። ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣች፣ አይጥን ተከትላ ድመት መጣች። በሌላ አነጋገር ድመት የተቀጠረችው በመጋዘን ሠራተኝነት ነው። እኔም የመጋዘን መዝገብ ጠባቂ ስለሆንኩ የሥራ ባልደረባዬ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አይቲ ሠራተኛ ድመት ሲያሳድግ መጀመሪያ የሚማረው ላፕቶፕ የሁለት ጌቶች ዕቃ መሆኑን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የድመት ሰውነት ሙቀት 38 እና 39 ዲግሪ መካከል ነው። ያለ ምንም ተጨማሪ ጉልበት ይህን ሙቀት ጠብቃ ለመቆየት የሚመቻት አካባቢ ከ30 ዲግሪ በላይ የሆነ ነው። እኛ "ዛሬ ደስ የሚል አየር ነው" የምንለው ቀን ለእሷ ብርድ ነው። የአዲስ አበባ የሐምሌ ማታማ አይነሳ! ስለዚህ ፀሐይ ያረፈበት መስኮት፣ የምጣድ ዳር፣ ካጣችም የሚሠራ ላፕቶፕ ትፈልጋለች። በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት የምትተኛ ፍጥረት መኝታዋን ብትመርጥ አይፈረድባትም። የምትነቃው ደግሞ ሲነጋጋና ሲመሻሽ ነው፤ እኔ ሰርቨሩን የምፈትሽባቸው ሰዓቶች።

ያቺ ሌሊት

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 እንደሚያበቃ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የእኛም ድርጅት ሂሳቡን የሚዘጋው በዚሁ ነው። ሰኔ 30 ማታ ሽያጭ ይቆማል፣ መጋዘኖች ይቆጠራሉ፣ ቆጠራው ሲስተም ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ዓመቱን የሚዘጋው ትእዛዝ ይሰጣል። ትእዛዙ የዓመቱን ገቢና ወጪ አጠቃሎ ቀሪውን ወደ አዲሱ ዓመት ያሻግራል። ወደኋላ መመለሻ የለውም።

በ2014 ዓ.ም. ሰኔ 30 ሌሊት ይህን ሥራ ከቤቴ ሆኜ በቪፒኤን እሠራ ነበር። ቢሮ ተረኛ ሆና የቆየችው አብራኝ የምትሠራው ወጣት ባለሙያ ነበረች። የአንድ ቅርንጫፍ ቆጠራ ገና አልደረሰም። እኔ ግን ጊዜ ላተርፍ ብዬ የመዝጊያውን ገጽ ከፍቼ፣ "ዓመቱ ይዘጋ?" የሚለው ጥያቄ ላይ አድርሼ፣ ቡና ልጥድ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ። ስመለስ ቡሬ ኪቦርዱ ላይ ተጠቅልላ ጉሮሮዋን ኩርር ታደርጋለች። ከጀርባዋ ያለው ስክሪን ደግሞ "40 በመቶ ተጠናቋል" ይላል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ልብ በሉልኝ። ድመቷ የተጫነችው አንድ ቁልፍ ነው። ስክሪኑን ሳልቆልፍ የሄድኩት እኔ ነኝ። ቆጠራ ሳይሞላ የመዝጊያውን ገጽ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ደግሞ ይባስ፤ ደንግጬ ሥራውን መሃል ላይ አቋረጥኩት። ስለዚህ ከሂሳብ መደቦቹ ከፊሎቹ ተዘጉ፣ ከፊሎቹ ሳይዘጉ ቀሩ። እንዲያ ከሆነ መዝገብ ላይ ሥራ መቀጠል አይቻልም።

"ግድ የለም፤ ባክአፕ አለ" አልኩ። ሰርቨሩ በየሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የመጠባበቂያ ቅጂ ውጫዊ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ዲስኩን ስከፍተው የመጨረሻው ቅጂ የዘጠኝ ቀን ዕድሜ አለው። ዲስኩ ሞልቶ ነበር። ፕሮግራሙም ዝም አላለም፤ በየሌሊቱ የማስጠንቀቂያ ኢሜይል ሲልክ ከርሟል። ኢሜይሉ የሚሄደው ግን ሥራ ከለቀቀ ዓመት ወደ ሞላው ባልደረባችን አድራሻ ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ "እሳት! እሳት!" እየተባለ የሚሰማ ጠፋ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ

በማግሥቱ ጠዋት የፋይናንስ ኃላፊው ምን እንደተፈጠረ ጠየቁኝ። "ሲስተሙ ችግር ገጥሞት ነው" አልኩ። ይህን መልስ በሙያችን ውስጥ የማይናገር የለም። ውሸት አይመስልም፤ እውነትም አይደለም። ኃላፊው ግን መዝገቡን አስወጥተው አዩ። ትእዛዙን የሰጠው አካውንት ሁላችንም በጋራ የምንጠቀምበት የአስተዳዳሪ አካውንት ነበር። በተረኞች ሰሌዳ ላይ ያለው ስም ደግሞ የወጣቷ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በጽሑፍ ምላሽ እንድትሰጥ ደብዳቤ ደረሳት።

ደብዳቤውን ይዛ መጥታ "ጋሼ፣ እኔ እኮ ምንም አልነካሁም" ስትለኝ አቀርቅሬ "ቆይ ይጣራል" አልኳት። ይጣራል! የሚጣራው ነገር ሁሉ እኔ ጋ ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ዝም አልኩ። የሙከራ ጊዜዋን ከጨረሰች ገና ሁለት ወሯ እንደነበር አውቃለሁ። እናቷን የምትጦር እሷ እንደሆነችም አውቃለሁ። እኔ ደግሞ በአሥር ዓመት አገልግሎቴ አንድ ማስጠንቀቂያ የለብኝም። "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" የሚለውን ተረት ስንቴ ስቄበት ይሆን? የዚያን ዕለት ግን አይጧ እኔ ነበርኩ።

ከምሳ በኋላ ኃላፊው ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩ። ድመት የሚለው ቃል ላይ ስደርስ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "ድመት?" "አዎ፣ ድመት፤ ግን ድመቷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ።" ለልጅቷ የተጻፈው ደብዳቤ ተነሳ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው ለእኔ ሆነ። ይገባኛል። የዘጠኙ ቀን ሽያጭና ወጪ ከደረሰኝ ኮፒ ላይ እንደገና ተመዘገበ። ስምንት ሰው ስድስት ቀን ፈጅቶበታል። እኔም እሁድን ጨምሮ ከነሱ ጋር ተቀምጬ ጻፍኩ።

እንዲህ ያለ ነገር በትልልቆቹም ላይ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ አንድ መሐንዲስ ሌሊት ሲሠራ ደክሞት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች በስሕተት አጠፋ። አሉን ያሏቸው አምስት የመጠባበቂያ ዘዴዎች ሲታዩ በአግባቡ የሚሠራ አልነበረም። የስድስት ሰዓት ያህል መረጃ ጠፋ። ኩባንያው ግን ጉዳዩን አልደበቀም። ምን እንደተፈጠረ በዝርዝር ለዓለም አሳወቀ፤ ጥያቄውም "ማን አጠፋው?" ሳይሆን "አንድ የደከመ ሰው ይህን ሁሉ ማጥፋት እንዴት ቻለ?" የሚል ነበር። ሁለቱ ጥያቄዎች የሚያደርሱት የተለያየ ቦታ ነው። "ማን?" ብሎ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ስሕተት የሚደበቅበት ይሆናል። "እንዴት?" ብሎ የሚጠይቅ ግን ስሕተት የሚታረምበት ይሆናል።

ታዲያ ምን አስተካከልን?

አንደኛ፣ የጋራ አካውንት ቀረ። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም ይገባል፤ ስለዚህ ማንም በሌላው ጥፋት አይጠረጠርም። ሁለተኛ፣ ዓመት መዝጋትን የመሰለ ትእዛዝ ሁለት ሰው ካላጸደቀው አይሠራም። ሦስተኛ፣ ቅጂዎቻችን ሦስት ሆኑ፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ። ከሕንፃው ውጭ ስል ኢንተርኔት ላይ ማለቴ ብቻ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ በኢንተርኔት ብቻ የተማመነ ምን እንደደረሰበት አይተናል። ስለዚህ አንድ ዲስክ በየሳምንቱ በእጅ ተወስዶ ሌላ ቦታ ይቆለፋል።

አራተኛውና ዋናው፣ በየወሩ አንድ ቅጂ ወስደን ሌላ ማሽን ላይ እንከፍተዋለን። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ ተስፋ እንጂ ባክአፕ አይደለም። ይህን ሥራ የያዘችው ያቺው ወጣት ናት፤ ዲስክ ሊሞላ አንድ አምስተኛ ሲቀረው በስልክ ትቀሰቅሰኛለች። አምስተኛው የእያንዳንዳችሁ ነው። ከወንበር ስትነሱ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና "ኤል"ን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ስክሪኑ ይቆለፋል። ድመት ባይኖራችሁም ልጅ ይኖራችኋል፤ ልጅ ባይኖር እንግዳ አይጠፋም።

ድመቷስ?

ነገሩን የሰማ ሁሉ "ታዲያ አስወጣሃት?" ይለኛል። አላስወጣኋትም። ማሳደግ ለሚያስብ ግን ከልምዴና ከሐኪሟ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ድመት ሥጋ በል ናት። ታውሪን የተባለ ንጥረ ነገር ከሥጋና ከዓሣ ካላገኘች ዓይኗና ልቧ ይጎዳል፤ እንጀራ በሽሮ አያኖራትም። እኔ ከሥጋ ቤት ሳንባና ልብ እየገዛሁ ቀቅዬ እሰጣታለሁ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን የሰፈራችን ሥጋ ቤት ስለሚዘጋ ራቅ ወዳለው የሙስሊም ሥጋ ቤት እሄዳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን በጾም ሥጋ ይዤ ስገባ ጎረቤቶቼ ያዩኝ የነበረው አስተያየት አይረሳኝም። ወተት ደግሞ ለአብዛኞቹ ጎልማሳ ድመቶች አይስማማም፤ ሆዳቸውን ያስቀምጣቸዋል። ውኃ ይበቃታል።

ክትባት ግዴታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ብቻ ሳይሆን ከድመትም ይተላለፋል። ሦስት ወር ሲሞላት ይጀመራል፣ ሐኪሙ በሚላችሁ ጊዜ ይደገማል። ያልታወቀ ድመት ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥባችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና ስለሌለ "ነገ አየዋለሁ" የሚባል አይደለም።

ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ስለ ቶክሶፕላዝማ ይጠይቃል። ተሐዋሲው በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል፤ ነገር ግን ወደ ሰው ለመተላለፍ የሚበቃው ቢያንስ አንድ ቀን ከቆየ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰጋቱራውን ወይም አሸዋውን በየቀኑ ሌላ ሰው ቢያጸዳው አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ድመቷን የሚያባርሩ ሰዎች ጥሬ ሥጋ ሲበሉ ማየት ግን ይገርመኛል፤ በሽታው በጥሬ ሥጋም ይመጣል።

መድኃኒት ከራሳችሁ ሣጥን አትስጧት። ለእኛ ራስ ምታት የሚሆነው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ ጉበቷ አጣርቶ ማስወገድ አይችልም። የአይጥ መርዝም እንዲሁ። ቡሬ አንድ ጊዜ ጎረቤት ባስቀመጠው መርዝ የታመመች አይጥ በልታ ነበር። ብዙዎቹ የአይጥ መርዞች ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው፤ ምልክቱም የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስትጫወት የነበረች ድመት በአራተኛው ቀን ከአፍንጫዋ ደም መጣ። ሐኪሙ ቫይታሚን ኬ እየወጋ አተረፋት። "አንድ ቀን ብትዘገይ ኖሮ" አለኝ። ካርቶኑን አቅፌ ታክሲ ውስጥ ስመለስ ያ የሞላው ዲስክ ትዝ አለኝ። ደህና የሚመስል ነገር ሁሉ ደህና አይደለም፤ ሳይጠይቁን ማየት ያለብን ለዚህ ነው።

ዘንድሮም ሰኔ 30 እንደተለመደው ይመጣል። አሁን የማደርገውን አውቃለሁ። ሳሎን ውስጥ ከምድጃው አጠገብ ብርድ ልብስ አነጥፍላታለሁ፣ ሳንባዋን አቀርብላታለሁ፣ የሥራ ክፍሌን በር እዘጋለሁ። ወጣቷ ባልደረባዬ በስልክ ትጠብቀኛለች። የሁሉም ቅርንጫፍ ቆጠራ መግባቱን እሷ ታነባለች፣ እኔ አያለሁ፤ እኔ አነባለሁ፣ እሷ ታያለች። ከዚያ ሁለታችንም በየስማችን እናጸድቃለን። መቶ በመቶ ሲሞላ በሩን እከፍተዋለሁ። ቡሬ ደፉ ላይ ተቀምጣ ታገኘኛለች፤ ቀና ብላ ታየኝና ቀጥ ብላ ወደ ሞቀው ላፕቶፕ ትሄዳለች። ስክሪኑ ተቆልፏል። እንደፈለገች ትተኛበት።